ሦስት አምስቶች

እናንተ ስታለቅሱ ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ?

የምሬን ነው የምጠይቀው። እንባ በኮምፒውተር መስታወት አልፎ ሌላ አገር አይደርስም። የሚያለቅስ ሰው ማልቀሱን በሆነ ነገር ማስታወቅ አለበት። እኛ ደቡብ ቻይና፣ ጓንግሺ ውስጥ፣ በስኳር ፋብሪካ ጭስ ሥር ያደግን ልጆች፣ 555 ብለን እንጽፍ ነበር። በቋንቋችን አምስት «ዉ» ይባላል። ሦስቴ ደጋግማችሁ ጥሩት፤ ዉ፣ ዉ፣ ዉ። አፉን በክንዱ ሸፍኖ የሚነፋረቅ ልጅ ድምፅ ነው። በአገሬ ጣቱ ፊደል ገበታ ላይ ያረፈ ሁሉ ይህን ያውቃል። ያዙልኝ፤ ኋላ እፈልገዋለሁ።

አሥር ዓመቴ ነበር። ከእኔ ሌላ ቤት ውስጥ የነበረችው ልጅ ታላቅ እህቴ ሱቺን ናት። በስሟ ግን ጠርቻት አላውቅም፤ ታላቅ እህት በእኛ ዘንድ «ጂዬ» ነው የምትባለው። እሷ ደግሞ «ባቄላ» ትለኛለች፣ አጭርና ክብ ስለነበርኩ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። በከተማችን ሙያ ትምህርት ቤት የሕፃናት እንክብካቤ ትማራለች። ማታ ማታ ሕፃን እንዴት እንደሚታቀፍ በእኔ ላይ ትለማመድ ነበር፤ ጭንቅላቴን በእጇ ደግፋ «አንገቱ ገና አልጠናም» ትላለች፣ እኔም ሕፃን ሆኜ እዝለፈለፋለሁ።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ ክፍሉን በሙሉ አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ ጓንግዶንግ ወደሚገኝ የስልክ መስታወት ፋብሪካ ላከው። «የተግባር ልምምድ» ይሉታል። ልምምዱን ያልጨረሰ ዲፕሎማ አያገኝም። ሕፃን መታቀፍ የምትማር ልጅ የስልክ መስታወት በመወልወል ምን እንደምትለማመድ እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም። ያኔ ግን አልጠየቅኩም። አውቶቡሱ ቀይ ጨርቅ ታስሮለት ነበር፤ ሠርግ መሰለኝ።

እናቴ የጂዬ ቦርሳ ውስጥ አንድ ትልቅ ፖሜሎ፣ ራስ የሚያህል የብርቱካን ዘመድ፣ ለማስገባት ትታገላለች። መምህር ጓን፣ ልጆቹን ይዞ የሚሄደው አስተማሪ፣ የሁሉንም መታወቂያ ሰብስቦ በላስቲክ አስሮ ኪሱ ከተተ። «እንዳይጠፋባቸው ነው» አለ አባቴን ፈገግ ብሎ። አባቴ አመሰገነው።

«ጂዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?»

«ፀሐይ ስትወጣ።»

«በየቀኑ እኮ ነው የምትወጣው!»

«የኔን ፀሐይ ነው የምልሽ፣ አንቺ ባቄላ።»

ገባኝ። ያኔ ሁላችንም የመልእክት ገጽ ነበረን። ገጽህን በየቀኑ ሁለት ሰዓት ከፍተህ ካቆየኸው በወሩ ገደማ ከስምህ ጎን አንድ ኮከብ ይወጣልሃል። አራት ኮከብ አንድ ጨረቃ ይሆናል፤ አራት ጨረቃ አንድ ፀሐይ። ክፍላችን ውስጥ ፀሐይ የነበረው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ሲሄድ እንኳ በኩራት ቀስ እያለ ነበር። የጂዬ ገጽ ሁለት ጨረቃ ላይ ደርሷል። ፋብሪካ ውስጥ በየቀኑ መክፈት ስለማትችል ማለፊያ ቃሏን በእጄ መዳፍ ላይ ጻፈችልኝ። እኔም አምኜ ተቀበልኩ፤ እሷን ወደ ቤት የሚመልሳት የኔ ትጋት እንደሆነ አድርጌ ነው የተረዳሁት። አንድ ቀን ብዘል አንድ ቀን ትዘገያለች።

ስለዚህ በየቀኑ ከትምህርት ቤት በቀጥታ የእናቴ ወንድም ሱቅ እሄዳለሁ። አጎቴ ዪፋን ሞባይል ይጠግናል። ሱቁ የቀለጠ ቆርቆሮ ይሸታል፣ እሱ ደግሞ ሌላውን ካላበሸቀ ቀኑ አይመሽለትም።

«መጣች ወይዘሮ ፀሐይ! ምነው ዛሬ ደመና ነሽ?»

«አጎቴ፣ ኮምፒውተሩን ልቀቅልኝ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ሁለት።»

«በሁለት ሰዓት ዶሮ እንኳ እንቁላል ትጥላለች። አንቺ ኮከብ ነው የምትጥይው?»

ኬውን የማውቃት ከዚያ ወንበር ላይ ነው። ኬው በሰሜን ታይላንድ፣ ናን በምትባል ከተማ የምትኖር የጂዬ እኩያ ናት። እንግሊዝኛ ለመለማመድ በኢንተርኔት ተገናኝተው በዚያው ጓደኛ ሆነው ቀሩ። ተያይተው አያውቁም። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም። በተሰባበረ እንግሊዝኛ አንዷ በሌላዋ የመልእክት ገጽ ላይ ምን በላሽ፣ ዘነበ ወይ፣ ፀጉርሽን ተቆረጥሽ ወይ እየተባባሉ ይጽፋሉ። እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ፤ የአጎቴን መዝገበ ቃላት ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እያንዳንዱን ቃል እፈታለሁ። አምስትን ለመፍታት ግን መዝገበ ቃላት አያስፈልገኝም።

«ዛሬ እኔ ኑድል መብላት። በርበሬ ብዙ። 555» ትላለች ኬው።

«ድመት የኔ ውሃ ጋን ውስጥ መውደቅ። 55555»

«መምህር የኛ ሱሪ መቀደድ። 5555555»

ምን ዓይነት አልቃሻ ናት! ለኑድል ታለቅሳለች፣ ለመምህሯ ሱሪ ታለቅሳለች። አጎቴን ጠየቅኩት።

«አጎቴ፣ ይቺ ልጅ ግን ምን ሆና ነው?»

ከተፈታ ስልክ ላይ ቀና ብሎ አነበበና «ታይላንድ ሙቀት ነው» አለኝ። «ላቡ በቆዳቸው ወጥቶ አላልቅ ሲላቸው በዓይናቸው ያወጡታል።»

አመንኩት። ከዚያ ወዲያ አሳዘነችኝ። ቤቷን በሐሳቤ ሠራሁት፤ ጨለማ ቤት፣ በር ላይ የረጠበች ድመት፣ ጥግ ላይ ፊቷን ሸፍና የተቀመጠች ልጅ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ በጂዬ ስም «አታልቅሺ። እኔ ጓደኛ» ብዬ ጻፍኩላት። በማግስቱ መልስ መጣ። «አንቺ ጥሩ ሰው! 5555555555»

አሥር አምስት። ከደስታ ብዛት እያለቀሰች ነው ብዬ ለአጎቴ ነገርኩት፤ እሱም ለዚህ ደግነቴ አንድ የተበላሸ የስልክ ፊደል ገበታ ሸለመኝ።

ጂዬ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ታርፋለች። በዚያ ቀን ኢንተርኔት ቤት ገብታ ለኬው ትጽፋለች። እኔ በማግስቱ አነባለሁ።

«እኔ መቆም አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ። 555» አለች ጂዬ።

«እኔ መተኛት አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ! 5555» አለች ኬው።

«እዚህ መስኮት መዝጋት፣ አቧራ እንዳይገባ። የመስታወት መወልወያ ውሃ ቤንዚን መሽተት። ራስ መዞር። 555»

«እኔም ሒሳብ ክፍል ራስ መዞር። 55555»

ይህን ሁሉ አየሁ። አሥር ዓመቴ ነው፤ ዓይኔ ደህና ነው፤ አምስትን አውቃለሁ። ግን በአእምሮዬ ያስቀመጥኩት እንዲህ ነበር፦ ጂዬ ለአልቃሻ ጓደኛዋ ስትል አብራት ታለቅሳለች። ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው ሟቹን ባያውቀውም ዓይኑን ይጠርግ የለ? ወዳጅነት እንደዚያ ነው ብዬ ነበር። ድመት ጋን ውስጥ ወደቀች ተብሎ አምስት አምስት ከሚደረደርበት ገጽ ላይ የእህቴ ሦስት አምስቶች ምን ሊመዝኑ?

እሑድ እሑድ ደግሞ ቤት ትደውላለች። ስልኩን አባቴ ነው የሚይዘው።

«በላሽ?»

«በላሁ አባ።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

አባቴ «ደህና ናት» ብሎ ይዘጋዋል። ይኸው ነው።

መጋቢት መጣ። በእኛ አገር መጋቢት ላይ እርጥብ ነፋስ ከደቡብ ይመጣና ግድግዳው ያልበዋል። ወለሉ ውሃ ያቋጥራል፣ ልብስ ሳምንት ተሰጥቶ አይደርቅም፣ ደብተር እንደ ቅጠል ይልፈሰፈሳል። አጎቴ ኮምፒውተሩን በፎጣ ይጠቀልለዋል። ፎጣውን ገልጬ ገጹን ስከፍት ይህ ተጽፎ ነበር።

«እጄ ስሜት የለም። መመገቢያ እንጨት ከእጅ መውደቅ። 555»

ከሥሩ ኬው፦ «በማንኪያ መብላት! 5555555»

ሰባት አምስት። ቆጠርኳቸው። ኬው እንደልማዷ በእንባ ታጠበች አልኩና ኮከቤን መጠበቅ ቀጠልኩ።

ማታ እናቴ በኑድል ቤቷ ድስቷን እያማሰለች ጠየቀችኝ። ቀንድ አውጣ የተቀቀለበት መረቅ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

«እህትሽ ምን ትላለች?»

«እጄ አይሰማኝም፣ ምግብ መያዝ አቃተኝ ትላለች። አለቀሰች። ኬውም አለቀሰች።»

«ኬው በምን?»

«እሷ በሁሉም ታለቅሳለች። ባለፈው በመምህሯ ሱሪ አልቅሳለች።»

እናቴ ሳቀች። ማማሰያውን ይዛ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። «ኧረ እነዚህ ልጆች!» አለች። እኔም በማሳቄ ኮራሁ። ሱሪውን ደገምኩላት።

ያን ሳቅ አሁንም እሰማዋለሁ። እናቴም ትሰማዋለች፤ ከዚያ በኋላ ያን ድስት እያማሰለች ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ጂዬ የመጣችው ግንቦት ላይ ነው፣ ሳይነገረን። ከሱቅ ስመለስ የበሩን መቃን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ አገኘኋት። እግሯ እንደተኛ እግር ነው፤ ስታነሳው ጫማው ወለሉን እየጠረገ ይከተላታል። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው።

«ለምን መጣሽ?» ብዬ ጮህኩባት። «ገና እኮ ነው! ሦስት ጨረቃና ሦስት ኮከብ ነው! አንድ ነው የቀረው!»

ጂዬ ልታቅፈኝ እጇን ከመቃኑ ላይ ለቀቀች። ወደቀች።

ሐኪሙ ነርቭ ነው አለ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ስምንት ወር የተነፈሰችው የመስታወት መወልወያ ፈሳሽ የእጇንና የእግሯን ነርቭ በልቶታል። ይመለሳል ወይ ሲባል «የተወሰነው» አለ። ከትምህርት ቤቱ መምህር ጓን ቤታችን ድረስ መጣ፤ ሻይ ጠጣ፤ «ቀድማ ብትናገር ኖሮ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ፋብሪካውም ይህንኑ ጻፈ፦ ተለማማጇ በሥራ ላይ ሳለች አንዳችም ቅሬታ አላቀረበችም፤ ሕመሙ ከወጣች በኋላ የመጣ ነው።

ቅሬታዋን ለማን ታቅርብ? መታወቂያዋን ኪሱ ለከተተው ሰውዬ? አንድ ጊዜ እጄን አሞኛል ስትለው «ሰነፍ እጅ ሁሌም ያመዋል» ብሎ መልሷታል። ይህን ግን የጻፈው የለም። ስለ እጇ በጽሑፍ የቀረው፣ ቀን ያለበት፣ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በመጋቢት ወር ለኬው የጻፈችው። አጎቴ ገጹን አትሞ በቀይ እስክሪብቶ ከበበው። ለኬውም ጻፈላት፤ ያን ቀን ይህ መልእክት እንደደረሰሽ በአገርሽ ቋንቋ ጽፈሽ ላኪልን አላት። ኬው በሳምንቱ ላከች። ፖስታው ላይ የዝሆን ቴምብር ነበረበት። የሠራተኛ ክርክር የሚሰማው ጽሕፈት ቤት የራሱ ተርጓሚ ነበረውና ደብዳቤው ሳይከፈት እዚያ ገባ። አጎቴ ያን ሰሞን ማንንም ሳያበሽቅ ዋለ። «አለቀ፣ ምስክር አለን» ይላል።

በክርክሩ ቀን እኔ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ጸጉሩን በውሃ ያስተኛ ሰው ተቀምጧል።

«አንቺ ሚጢጢ፣ ትምህርት የለም?»

«እህቴን ይዘን መጥተን ነው።»

«ጎበዝ። እህትን መያዝ ጥሩ ነው።» ከኪሱ የወተት ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። ስልኩ ጮኸ። አነበበና ሳቅ ብሎ መስታወቱን ወደኔ አዞረልኝ። «እይ፣ የኔዋ ደግሞ ይኸውልሽ። ያንቺ እኩያ ናት።»

ስልኩ ላይ፦ «አባ የእርሳስ ሳጥኔ ጠፋ 555 መቼ ነው የምትመጣው 555» ይላል።

አውራ ጣቱን እያንቀሳቀሰ መልሱን ጮክ ብሎ እያነበበ ጻፈ። «አታልቅሺ የኔ ልጅ። አዲስ እገዛልሻለሁ። አይዞሽ።»

እንዴት ያለ ጥሩ አባት ነው አልኩ። እኛን ሊረዳ የመጣ መሰለኝ። ከረሜላውን ጎረስኩ። ክፍሉ ሲከፈት ተነሥቶ ገባና ከእኛ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ፋንግ ይባላል፤ የፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ ነበር።

ሰብሳቢዋ የኬውን ደብዳቤ ትርጉም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። ኬው ቀኑን በትክክል ጽፋለች። መልእክቱንም ቃል በቃል ጽፋለች። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «ጓደኛዬ ሱቺን እጇ ስሜት እንደሌለው እየሳቀች ነገረችኝ። እኔም ሳቅሁ። በጣም ሳቅን። እሷ ሁልጊዜ ሳቂታ ናት፤ በየመልእክቷ ትስቃለች።»

አጎቴ ከወንበሩ ተነሣ። «ምንድነው የምትለው? 555 እኮ ነው ያለችው! ለቅሶ ነው!»

አቶ ፋንግ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ምስክሯን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ። ምስክሯ ሳቀች ትላለች። በሳቅ የተነገረ ነገር ቅሬታ አይባልም፤ የልጃገረዶች ጨዋታ ነው።»

«አምስት ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም አንተ?»

«እኔ የሃምሳ ዓመት ሰው ነኝ ወንድሜ። የልጆች ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ከየት አውቃለሁ? የማውቀው ማኅተም ያለበትን ወረቀት ነው።»

ሰብሳቢዋ ወደ ጂዬ ዞረች። «አንቺስ?»

«አልሳቅሁም» አለች ጂዬ።

ከረሜላው አፌ ውስጥ ነበር። ወፍራም ነው፣ ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ዓይነት። ሰውዬው ሲያየኝ አየሁት። አንድ ቅጽበት ያህል ነው፤ ከዚያ ወረቀቱን ማስተካከል ጀመረ። ያኔ የመሰለኝን ልንገራችሁ፦ ትልቅ ሰው አላውቅም ካለ ረስቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አፌን ከፍቼ ባስታውሰው ደግሞ ከረሜላው ወድቆ ያሳፍረኛል ብዬ ፈራሁ። ይኸው ነው ዝም ያልኩበት ምክንያት። በሙሉ ይኸው ነው።

ተፈረደብን። ጂዬ መፈረም ስላልቻለች አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉላት። «ነካ ወይ?» ብላ ጠየቀች። ጣቷን አንስተው አሳዩዋት።

እናቴ ኬውን እባብ አለቻት። ቤታችን ውስጥ ስሟ ለዘጠኝ ዓመት አልተነሣም። እኔ ናኒንግ ዩኒቨርሲቲ ስገባ አንዲት ታይላንዳዊት የመኝታ ክፍል ጓደኛ ደረሰችኝ። አንድ ቀን ከደረጃ ተንከባልዬ የተነሣሁትን አስቂኝ ፎቶ ላክሁላት። 55555 ብላ መለሰችልኝ።

«ምነው አለቀስሽ?» አልኳት።

«ማን አለቀሰ? እየሳቅሁ ነው። በኛ ቋንቋ እኮ አምስት ‹ሃ› ነው።»

ሃ፣ ሃ፣ ሃ።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ድመቷ ጋን ውስጥ ስትወድቅ፣ ሱሪው ሲቀደድ፣ ኬው እየሳቀች ነበር። ያ ጨለማ ቤት፣ ያቺ ፊቷን የሸፈነች ልጅ የትም አልነበሩም። እህቴ «እጄ አይሰማኝም፣ ዉ ዉ ዉ» ስትል ኬው የሰማችው «እጄ አይሰማኝም፣ ሃ ሃ ሃ» ነው። ሰባቱ አምስቶች ሳቅ ነበሩ። ለጂዬ ስልክ ደውዬ ነገርኳት። «እኔ እኮ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ያለቀሰችልኝ እሷ ብቻ ናት ብዬ ነበር» አለችኝ።

ኬውም ነገሩን ከሰማች ወዲህ እንደገና ይጻጻፋሉ፤ ምን በላሽ፣ ዘነበ ወይ። ጂዬ በድምፅ ነው የምትልከው። ኬው ስትስቅ ሳቋን በፊደል ትጽፈዋለች። አምስት ቁጥርን ግን አትነካም፤ ሰዓት እንኳ ስትጽፍ «ከስድስት አንድ ሰዓት በፊት» ትላለች። ጂዬ የእናቴን ኑድል ቤት ትጠብቃለች። ሳህኑ ይፋጅ አይፋጅ ጣቷ ስለማይነግራት አንድ ሰው አብሯት ይቆማል።

አሁን፣ በልጅነቴ ያሳዘነችኝን ኬውን ማንም እንዳይነካብኝ። አታውቅም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር፤ እናቴም። አንዳንዱ ሰው ይህን ታሪክ ስነግረው «አይ፣ የቋንቋ አለመግባባት ነው፣ ማን ላይ ይፈረዳል?» ይለኛል። ያናድደኛል። ሦስት አላዋቂዎች በነበሩበት ታሪክ ውስጥ አንድ አዋቂ ነበረ። ያ ሰው ከሩብ ሰዓት በፊት ሦስት አምስት አንብቦ «አታልቅሺ» ብሎ የመለሰ ሰው ነው።

አቶ ፋንግ፣ ጡረታ እንደወጡና ከልጅዎ ቤት እንደሚኖሩ ሰምቻለሁ። ይህን የምጽፈው ስምዎን ጠርቼ ነው፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው። ከረሜላ የሰጡኝ ልጅ ነኝ። በዚያ ክፍል ያልጠየቅሁዎትን አሁን ልጠይቅዎት፤ በደብዳቤ አይመልሱልኝ፣ ሰው በተሰበሰበበት ይቁሙና ይመልሱ። መጀመሪያ ሦስቱን ቁጥሮች በገዛ ቋንቋዎ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ አንድ በአንድ ያንብቧቸው። ከዚያ ልጅዎ ባለችበት ይንገሩን፦

ይህ ሳቅ ነው?